የአዴ ሙሚና ወተት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ቀርቤ ንዴቴን፣ ምላሴን፣ ጾም መግደፌን ስዘረዝር ይቺን እዘላታለሁ። እሳቸው «ሌላስ የቀረ የለም?» ይሉኛል። እኔም «የለም አባ» እላለሁ። «የለም» ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ሰው የገደልኩትም በዚሁ ቃል ነው።

ነርስ ነኝ። ሮቤ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ከገባሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አሁንም እዚያው ነኝ። በሽተኛው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። መጀመሪያ አርማቸው ነበር፤ በኋላ ተውኩት፤ ቆይቶ ደግሞ ወደድኩት። የሚያሳፍር በሽታ የያዘው ሰው ወደ እኔ ክፍል ይላካል፤ አላፈጥበትም፣ አልሰብከውም፣ ቶሎ እጨርስለታለሁ። ቶሎ በመጨረሴ የታወቅሁ ሰው ነበርኩ።

ጨብጥን የመሰለ በሽታ አንዱን አክመው ሌላዋን ቢተዉ ትርፉ ድካም ነው። ሰውየው ድኖ ቤቱ ይገባል፤ በሳምንቱ ታሞ ይመለሳል። ስለዚህ ባልም ሚስትም መታየት አለባቸው። ጠረጴዛዬ ፊት ሁለት ወንበር የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ አንዱ ለመጣው፣ አንዱ አብራው ለምትመጣው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለተኛው ወንበር ባዶውን ይውላል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አጨዳ ነው፣ ጠብ ይፈራል፣ እፍረት አለ። ለዚህ ለዚህ ሲባል የምንሠራበት መመሪያ አንዲት በር ትቶልን ነበር፤ መምጣት ላልቻለችው፣ ላልታየችው፣ መድኃኒቱን በመጣው እጅ መላክ ይቻላል። ከመላኩ በፊት ግን ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። እርጉዝ ናት? ሆዷን ያማታል? የማይስማማት መድኃኒት አለ? መልሱ ቅጽ ላይ ይሞላል፣ ይፈረምበታል። ከሦስቱ አንዱ «አለ» ከሆነ መድኃኒቱ አይላክም፤ ሴትየዋ እንደምንም ብላ መታየት አለባት።

መመሪያው ደግ ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ስዋሽበት ስለምታገኙኝ ነው።

እኔ ምን አደርግ ነበር? የገበያ ቀን ሰልፉ እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት በሽተኛ ሳይገባ አሥር፣ አሥራ አምስት ቅጽ እደረድርና «የለም» በሚለው ሥር ሦስት ሦስት ምልክት አድርጌ፣ ፈርሜ እጠብቃለሁ። ሰውየው ሲገባ የሚቀረኝ ስሙን መጻፍ ብቻ ነው። ላላየኋት ሴት፣ ባሏ ገና ከቤቱ ሳይነሳ፣ እኔ መልሱን ሰጥቼ ጨርሻለሁ። በዚህ ብልሃቴ እኮራ ነበር፤ አዲስ ለተቀጠሩት ልጆችም አሳይቻቸዋለሁ። ዓመታት አለፉ፤ አንድም ሰው አልጮኸብኝም።

ከዚያ ከድር መጣ። ከድር ያልኩት ከድር አይደለም፤ ስሙን ቀይሬዋለሁ። ከገሰራ ገብስ ጭኖ ሻሸመኔ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ቤቱ በዲንሾ በኩል ነው፤ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ብዙ የሚያስኬድ መንደር ውስጥ። ዝናብ መትቶት ነበር የገባው። ካፖርቱን አውልቆ በሁለተኛው ወንበር መደገፊያ ላይ አንጠለጠለው። ኮሌታው ቆሞ ቀረ፤ እጅጌዎቹ ወንበሩ ላይ ተንጋለው ወደቁ። አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም ብል ውሸት ነው፤ አስተውዬዋለሁ።

ከድር ክፉ ሰው አይደለም። ጥፋቱን አልሸሸገም።

«ዶክተር፣ እሷ ምንም የምታውቀው ነገር የለም» አለኝ። «መንገድ ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለእሷም መድኃኒቷን ይስጡልኝ፣ እንዳትጎዳብኝ።»

«ለምን አታመጣትም?»

«ገብሱ ገና አልተሰበሰበም። ደግሞስ ምን ብዬ ላምጣት?»

ከተደረደሩት ቅጾች አንዱን ሳብኩ። መልሱ ተሞልቶ አልቋል። ቢሆንም ለወጉ ጠየቅሁ። እርጉዝ አይደለችም አለኝ። ሆዷንም አያማትም አለኝ። ሦስተኛውን ግን አልጠየቅሁም። ከበሩ ውጭ ሰዎች ሲያስሉ ይሰማል፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ ዓይኔ በሩ ላይ እያለ «የማይስማማት መድኃኒት የለም» አልኩ። ጥያቄ አልነበረም።

ከድር ትንሽ አሰበ። «መድኃኒት እንኳ… በልጅነቷ መርፌ ተወግታ ነበር አሉ። እናቷ ስታወራ…»

አላስጨረስኩትም። «ይሄ መርፌ አይደለም፤ እንክብል ነው» አልኩት።

ፊቱ ፈካ። «እንክብል ከሆነማ» አለ።

መርፌ አይደለም፣ እንክብል ነው። ይቺን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። መርፌ የጠላው ገላ የዚያኑ መድኃኒት ዘመድ በአፍ ቢውጠውም እንደሚጠላው የተማርኩት የነርስ ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። አላውቅም ነበር ልል አልችልም። አንዲት ጥያቄ፣ «መርፌው ምን አደረጋት?» የምትል ጥያቄ፣ ስንት ደቂቃ ትወስድ ነበር? እኔ ግን «የለም» በሚለው ሥር ምልክቱን አስቀድሜ አድርጌዋለሁ። ምልክቱን ከመሰረዝ የሰውየውን አፍ መዝጋት ቀለለኝ።

«ምን ብዬ ልስጣት?» አለኝ።

«ቫይታሚን ነው በላት።»

ፖስታው ላይም በገዛ እጄ «ቫይታሚን» ብዬ ጻፍኩበት። ስሟን ሊነግረኝ ሲል ስሟ አያስፈልግም አልኩት። ቅጹ ላይ «የከድር ባለቤት» ብዬ ሞላሁ። ካፖርቱን አንስቶ ወጣ። ወንበሩ ረጥቦ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። አልተመዘገበም፣ ካርድ አላወጣም፤ በሩን ከፍቶ መድረኩ ላይ ቆመ። እኔ ገና ሳየው አወቅሁ። እንዴት እንዳወቅሁ እንጃ፤ ብቻ አወቅሁ።

ያኔ የነገረኝን በአጭሩ ልንገራችሁ። እሱ ወደ ሻሸመኔ ሲነሳ ፖስታውን ሰጥቷት ሄደ። ጎረቤታቸው፣ መንደሩ «አዴ» እያለ የሚጠራት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ እንደ ወትሮዋ ጠዋት አንድ ኩባያ ወተት አመጣችላት። ሚስቱ እንክብሉን በወተቱ ዋጠችው። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ወጡ። ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ፊተኛው ተሸካሚ ለኋለኛው አይታየውም ነበር አሉ። አስፋልቱ ሳይደርሱ ቃሬዛው ዝም አለ።

እኔ ያኔ ምን ብዬ ጠየቅሁ? «እግዚአብሔር ያጽናህ» አላልኩም። «ስሟ ማን ነበር?» አላልኩም። «ሰው ምን አለ?» ነው ያልኩት።

«ወተቱ ነው አሉ» አለኝ። «አዴ ሙሚና አንድ ነገር አድርጋባታለች አሉ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን ልበል፣ ዶክተር?»

ፖስታውን ከፍራሽ ሥር አግኝቶ ወይብ ወንዝ ውስጥ ጥሎታል። ስለ መድኃኒቱ አንድ ቃል ቢተነፍስ «የምን መድኃኒት?» ይባላል። «ወረቀቱስ አለ?» አለኝ። «አለ፤ ሕጉ መቅደድ አይፈቅድም» አልኩት። ተያየን። ሁለት ወንዶች አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ተስማማን። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሁለተኛው ወንበር አዞረ፤ ረዘም ላለ ጊዜ አየው፤ ጀርባውን ሳይሰጠው ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አገር ለቆ ሄደ ይላሉ።

እንግዲህ ራሴን ማታለል የጀመርኩት ከዚያ ቀን ነው። የበሽተኛ ምስጢር መጠበቅ ሕግ ነው፣ አልኩ። እኔ ብናገር የከድር ጉድ ይወጣል፣ የሟቿም ስም ይነሳል፣ አልኩ። ደግሞም ሕግ መሆኑ እውነት ነው። ታዲያ «መድኃኒት አልተስማማትም» ብል የማን ምስጢር ይወጣ ነበር? ለምን በሽታ የተሰጠ መድኃኒት እንደሆነ ማን ያስገድደኛል? ሁለት ቃል ነው። የማንንም ስም ሳያነሱ አንዲት አሮጊት ነፃ የሚያወጡ ሁለት ቃላት። እኔ ሕጉን የጠበቅሁት ለከድር ብዬ አይደለም፤ ከሥሩ ልደበቅበት ነው።

ሁለተኛውን ወንበር አልወደድኩትም። ከክፍሉ አውጥቼ ኮሪደር ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ቦታው ላይ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ መልሳው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። እንደገና አወጣሁት፤ እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው «አስካለ፣ ይሄን ወንበር ለምን ትመልሺዋለሽ?» አልኳት። መጥረጊያዋን ይዛ ትክ ብላ አየችኝ። «እኔ አልነካሁትም። እንዲያውም አንተ እየመለስከው መስሎኝ» አለችኝ። ሌላ ሰው መልሶት ሊሆን ይችላል፤ ክሊኒኩ ውስጥ የምንውል ብዙ ነን። አንዳቸውንም አልጠየቅሁም። ወንበሩን ማውጣት ተውኩ።

ወራት አለፉ። በአንድ የገበያ ቀን አንዲት አሮጊት ገባች። አንድ ዓይኗ ላይ ሞራ ወርዶበታል። በነጠላዋ ጫፍ የጠቀለለችው ነገር አለ። በእጇ እየዳሰሰች ወደ ሁለተኛው ወንበር ሄደች፤ ልትቀመጥ ዝቅ አለችና ቀና አለች።

«ይቅርታ፣ ሰው ተቀምጦበታል መሰለኝ» አለች። ዞራ በሌላው ላይ ተቀመጠች።

ወንበሩን አየሁት። ባዶ ነው።

ካርዷን ገለጥኩ። ሙሚና ይላል። ከድር የነገረኝ ስም ነው።

«አካም ጂርታ፣ ኢልመ ኮ?» አለችኝ፤ ልጄ ብላ፣ ደህንነቴን ጠየቀችኝ።

«ደህና ነኝ፣ አዴ። የት ላይ ነው የሚያምዎት?»

«እኔን አያመኝም። ወተቴን መርምርልኝ።»

ጥቅሉን ፈታች። አንድ ሃይላንድ ሙሉ ወተት ጠረጴዛዬ ላይ አቆመች።

«ሩቂያ ትባል ነበር» አለች። «ጎረቤቴ ናት። ጎረቤት ልበላት እንጂ ልጄ ናት። ጠዋት ጠዋት አንድ ኩባያ አደርስላት ነበር። ያን ቀን ጠጣች፣ ሞተች። ወላሂ ምንም አላደረግኩባትም። ግን ምን ነበረበት? ላሟ ክፉ ሣር በልታ ይሆን? ዕቃዬ ይሆን? መንደሩ አይጠጣልኝም፣ አይገዛኝም። ሕፃናት ሲያዩኝ ይሸሻሉ። አንተ የተማርክ ነህ፤ እይልኝ።»

እኔ የገደልኳትን ሴት ስም ያወቅሁት እንዲህ ነው። ሩቂያ። እሱንም ስም ቀይሬዋለሁ። የአዴ ሙሚናን ስም ግን አልቀየርኩም፤ የጠፋው የእሷ ስም ነውና መመለስ ያለበትም እሱ ነው።

ምን አልኳት? «አዴ፣ እዚህ ወተት አይመረመርም። እዚህ የሚመረመረው ሰው ነው» አልኳት። አፌ እንዴት እሺ አለኝ? ሰው ነው የሚመረመረው አልኩ፤ እኔ፣ ሳልመረምር የገደልኩት።

ወተቱን ትታልኝ ሄደች። መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። መድፋት አልቻልኩም፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከረመ፣ ረጋ፣ ውሃው ከላይ ሰፈፈ፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው። በቀጣዩ ገበያ ሌላ ሃይላንድ ይዛ መጣች። በቀጣዩም መጣች። ከዲንሾ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ሰልፍ ጠብቃ ትገባለች። አንዴም በሁለተኛው ወንበር አልተቀመጠችም። አንዴ ሌላው ወንበር ላይ ዕቃ ነበር፤ ቆማ ነው ያነጋገረችኝ።

በስተመጨረሻ «አየሁት፣ አዴ። ምንም የለበትም» አልኳት። እውነት መናገሬ መሆኑ ነው። ልቤ ትንሽ ቀለለ ብል ታምኑኛላችሁ?

«አልሃምዱሊላህ» አለች። እጆቿን ፊቷ ላይ አሳለፈች። ከዚያ «በል ወረቀት ስጠኝ» አለችኝ። «ማኅተም ያለበት። በቃሌ አያምኑኝም፤ ላሳያቸው።»

እኔ በየገበያው ጠዋት አሥራ አምስት የሐሰት ወረቀት ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ያቺ ሴት የጠየቀችኝ አንድ የእውነት ወረቀት ነው። «ክሊኒኩ እንዲህ ያለ ወረቀት አይሰጥም» አልኳት። ብዕሩ በእጄ ነበር፣ ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እሷም እሺ ብላ ተነሳች። ደግሞ አመሰገነችኝ።

በዚያ ሰሞን የአካባቢው የጤና ሠራተኞች ጎባ ተሰብስበን ነበር። ርዕሱ ይሄው የእኛ ጉዳይ ነው፤ ላልታየ ሰው መድኃኒት መላኩ ይቀጥል ወይስ ይከልከል? የሚያስተባብሩት ሰዎች የረጅም ጊዜ ልምድ ያለህ አንተ ነህና ተናገር አሉኝ። ተነሳሁ። ይከልከል አልኩ። «አንዲት ሴት አውቃለሁ፤ ባሏ መድኃኒት እንደማይስማማት እያወቀ ደብቆን ሞታለች» አልኩ። ባሏ ደበቀን አልኩ! ድምፄም ተንቀጠቀጠ፤ ለሟቿ ያዘንኩ መስሏቸው አዳራሹ አጨበጨበ።

አንዲት ወጣት አዋላጅ ብቻ እጇን አነሳች። ከገሰራ በኩል የመጣች ናት። «ጋሼ፣ መምጣት የማትችለዋስ?» አለችኝ። «ሦስቱን ጥያቄ በደንብ ብንጠይቅ አይበቃም? ወይስ ሳትታከም ትቅር?»

«ያልታየ ሰው አይታከምም!» አልኳት። ልጅቷ ተቀመጠች። ዛሬም ትዝ ትለኛለች፤ ልክ ነበረች። ሦስቱን ጥያቄ በደንብ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ያልበቃው እኔ ነኝ።

ክሊኒካችን መላኩን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ባሎቹ ይታከማሉ፣ ሚስቶቹ አይመጡም፣ ባሎቹ ታመው ይመለሳሉ። ሚስቶቹ ቆይተው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ መውለድ ሲያቅታቸው ይመጣሉ። እያንዳንዷ ስትገባ ያችኑ ወንበር ታያለች፤ እያንዳንዷም በሌላው ላይ ትቀመጣለች። እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው። የገዛ እጄን ጥፋት በመመሪያው አላከክሁ፤ ከዚያም በር ዘጋሁ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። እስካሁን ያለውን የጻፍኩት ይቺን ላለመጻፍ እየዞርኩ ነው።

አዴ ሙሚና ለመጨረሻ ጊዜ የመጣች ቀን ከጠርሙሱ ሌላ ኩባያ ይዛ ነበር። የቆርቆሮ፣ ጠርዙ የተላጠ። ምንም ሳትል ቀዳችና ወደ እኔ ገፋችው።

«አትመርምረው። ወረቀቱም ይቅርብኝ» አለች። «ጠጣው ብቻ። ልጄ፣ እኔ ራሴን መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ካለ እውነት ይሆን እንዴ እላለሁ። ሳላውቀው በእጄ ክፉ ነገር ይኖር ይሆን? አንተ ከጠጣህልኝ ራሴን አምናለሁ።»

ያ ወተት ንጹሕ መሆኑን በዚህች ምድር ላይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሩቂያን ጉሮሮ የዘጋው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቅጹ ከእግሬ ሥር መሳቢያ ውስጥ ነው። ኩባያውን አነሳሁ። እስከ አፌ አደረስኩት። ያን ጊዜ ዓይኔ ከኩባያው በላይ ሁለተኛውን ወንበር አየ። ባዶ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ከእንጨቱ ላይ ግን ውሃ ይንጠባጠብ ነበር፤ ጠብ፣ ጠብ። ውጭ ፀሐይ ነው። ከሳምንት በላይ ዝናብ የሚባል አልነበረም። አስካለ ወልውላው ሄዳ ይሆናል እላለሁ። ይሆናል።

አልጠጣሁም። ፈራሁ። ወንበሩን ብቻ አይደለም የፈራሁት፤ ወተቱንም ነው። ስንት ጊዜ ዝም ብዬ የመገብኩት ውሸት መጥቶ እኔኑ ያዘኝ። ለአንዲት ቅጽበት፣ እምላለሁ፣ ወተቱ ይገድለኛል ብዬ አመንኩ። ኩባያውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ግማሹ ፈሰሰ።

አዴ ሙሚና ኩባያው ጠረጴዛውን ሲነካ ሰማች። በደህናው ዓይኗ አየችኝ።

«አንተም ፈራህ» አለች። አልተቆጣችም። «እንግዲያ እኔ ነኝ።»

ተነሳች። ከበሩ በፊት ወደ ባዶው ወንበር ዞራ ጎንበስ አለች። ሰው እንደሚያነጋግር ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሩቂያ፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለች። ያልሠራችውን ኃጢአት ተናዘዘች፤ የሠራሁት እኔ ተቀምጬ ሰማሁ። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ከዲንሾ የሚመጡ በሽተኞችን በነገር በነገር አድርጌ እጠይቃለሁ። በሕይወት አለች። ላሟም አለች። ጠዋት ጠዋት ታልባለች፣ ከቤቷ ጀርባ ትደፋዋለች አሉኝ። ሰላም ሊላት የሚቀርባትን «አትጠጋኝ፤ ሩቂያን የገደልኩ እኔ ነኝ» ትለዋለች አሉኝ። ይህን የነገረችኝ ሴት «እንግዲህ በራሷ አፍ አመነች» አለችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። እናንተን የበደልኳችሁ ነገር የለም። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ ሌላውም እንዲህ ይሠራል፤ እነዚህን ሁሉ ለራሴ ብያቸዋለሁ፤ ለእናንተ አልደግማቸውም። ሩቂያን የገደልኳት ሳላያት ነው። አዴ ሙሚናን ግን እያየኋት ነው።

የሩቂያን ቅጽ ከመሳቢያው አውጥቼ እዚህ አጠገቤ አስቀምጬዋለሁ። በሽታው የተጻፈበት አይነበብም፤ ሸፍኜ ፎቶኮፒ አድርጌዋለሁ። ሦስቱ «የለም» ግን ይነበባሉ፤ ፊርማዬም ይነበባል። በመጪው የዲንሾ ገበያ ቀን ይዤው ልሄድ አስቤያለሁ። አዴ ሙሚናን ከቤቷ አውጥቼ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ቆሜ «መድኃኒት አልተስማማትም፤ መድኃኒቱን የሰጠሁ እኔ ነኝ» ልል፣ ከእጇም ወተቷን ተቀብዬ ልጠጣ።

ይህን አሳብ ግን አትመኑልኝ። ልክ እንደዚሁ ጽፌ፣ ልክ እዚህ ጋ ደርሼ፣ ሁለት የገበያ ቀን አሳልፌያለሁ። ስለዚህ ሮቤ መጥታችሁ እኔ ክፍል ከገባችሁ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጬ ካገኛችሁኝ፣ አልሄድኩም ማለት ነው። ያን ጊዜ «ዶክተር» አትበሉኝ። በሁለተኛው ወንበርም አትቀመጡ፤ ሰው አለበት።